ከአውሮፕላን ሆድ ሥር የተንጠለጠለው ሰው፦ የቦል ተሬት ተኳሾች ያስፈራቸው የነበረው ምንድን ነው?

አንድ ፎቶ አለ፤ በየጊዜው ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ብቅ ይላል። ትልቅ የጦር አውሮፕላን ይታያል። ከሆዱ ሥር የብረትና የመስታወት ኳስ ተንጠልጥላለች። ኳሷ ውስጥ አንድ ወጣት እንደ ፅንስ ተጣጥፎ ተቀምጦ በጉልበቶቹ መሃል አሻግሮ ያያል። ከፎቶው ሥር የሚጻፈው ነገር ሁልጊዜም ተመሳሳይ ነው። «እዚህ የገባ በሕይወት አይወጣም ነበር» የሚል አይጠፋም። «ቅጣት ነው እንዴ?» ብሎ የሚጠይቅም አለ።

ፎቶው እውነተኛ ነው። ልጆቹም ነበሩ፤ ብዙዎቹ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላቸው። «በሕይወት አይወጣም ነበር» የሚለው ግን ስሕተት ነው። እንዲያውም በፍንጣሪና በጥይት በመመታት ረገድ ዝቅተኛው ቁጥር የተመዘገበው እዚችው ኳስ ውስጥ በሚቀመጠው ሰው ላይ ነው። ታዲያ ለምን እንደዚያ ተፈራች? ነገሩን ለመረዳት መጀመሪያ ኳሷ እንዴት እንደምትሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

ቦል ተሬት ምንድን ነው?

ተሬት ማለት መሣሪያ የተጠመደበት፣ ከነተኳሹ የሚዞር ማማ ነው። ታንክ ላይ መድፉን ይዞ የሚሽከረከረውን የላይኛውን ክፍል አስቡት። ቦል ተሬት የዚያው ዘመድ ነው፤ እሱ ግን ኳስ መሳይ ነው፣ የሚንጠለጠለውም ከሥር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካኖች በሁለት ትላልቅ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖቻቸው ላይ ገጥመውታል፤ «በራሪ ምሽግ» በተባለው ቢ-17 እና በቢ-24 ላይ። ንድፉ የስፔሪ ኩባንያ ነው።

ኳሷ ከዳር እስከ ዳር ከአንድ ሜትር ብዙም አትበልጥም። እዚያ ውስጥ ሁለት 12.7 ሚሊ ሜትር ብራውኒንግ መትረየሶች አሉ። ማነጣጠሪያ አለ። የኦክስጅን ቱቦ፣ የመነጋገሪያ ሽቦ፣ የማዞሪያ እጀታዎች አሉ። ከዚህ ሁሉ የተረፈው ቦታ ነው የሰው። ውሃ የሚቀዳበትን እንስራ አስቡ፤ በጣም ትልቅ ይሁን፣ ግን ሁለት መትረየስ ከገባበት በኋላ «በል አንተም ግባ» ቢባል እንዴት እንደሚሆን ገምቱት። አጫጭር ልጆች ይመረጡ የነበረው ለዚህ ነው።

ተኳሹ ጀርባውንና ጭንቅላቱን ከኋላ አስደግፎ ይቀመጣል። እግሮቹ ከፊቱ ባሉ ሁለት መርገጫዎች ላይ ይሰቀላሉ። በእግሮቹ መሃል ክብ መስታወት አለ፤ ዓለምን የሚያየው በዚያ ነው። መትረየሶቹ በግራና በቀኙ ናቸው። ኳሷን በሁለት እጁ ያዞራል፣ ተኩሱንም በጣቶቹ ይለቃል፤ በግራ እግሩ ደግሞ የጠላት አውሮፕላን ምን ያህል እንደራቀ ለማነጣጠሪያው ያስተካክላል። ኳሷ ዙሪያዋን ሙሉ ትዞራለች፤ ወደ ታችም ቀጥ ብላ ታዘነብላለች። መትረየሱ ወደ አግድም ሲያይ ልጁ በጀርባው ይንጋለላል። ቀጥታ ወደ ታች ሲያይ በእግሮቹ ላይ የቆመ ያህል ይሆናል። ይህ ሁሉ ከሰባት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ ለሰዓታት።

ሰው እዚያ መንጠልጠል ለምን አስፈለገ?

የቦምብ ጣይ ሆዱ ዕውር ነው። አብራሪው ከሥሩ የሚመጣውን አያይም፣ ከላይ ያለው ተኳሽም አያይም። የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላኖች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር።

አሜሪካኖች መጀመሪያ የሞከሩት ሰው የማይገባበትን መንገድ ነው። የመጀመሪያዎቹ 112 ቢ-17ኢ አውሮፕላኖች ከሥራቸው ከርቀት የሚታዘዝ ተሬት ነበራቸው። ተኳሹ አውሮፕላኑ ውስጥ ተኝቶ በመስታወት ነጸብራቅ እያየ ይተኩስ ነበር። አልሠራም። የሚታየው ጠባብ ነው፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል። ስለዚህ ሰውየው ራሱ ወደ ታች እንዲወርድ ተደረገ።

ኳሷ ባትኖር ምን ይከሰት እንደነበር ከእንግሊዞች ታሪክ ማየት ይቻላል። በሌሊት ይበርሩ የነበሩት ላንካስተር ቦምብ ጣዮች አብዛኞቹ ከሥራቸው ተኳሽ አልነበራቸውም። ጀርመኖች ከ1943 ጀምሮ (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የሌሊት ተዋጊዎቻቸው ላይ ወደ ላይ የሚተኩስ መድፍ ገጠሙ። በጨለማ ቀስ ብለው ከሆዱ ሥር ይገቡና ክንፉ ውስጥ ያለውን ነዳጅ ይመቱታል። ብዙ ሠራተኞች ምን እንደመታቸው እንኳን ሳያውቁ አለቁ።

ስለዚህ ያ ልጅ እዚያ የተቀመጠው ለዘጠኙ ጓደኞቹ ዓይን ሆኖ ነው። መትረየሱ ከሚገድለው በላይ ዓይኑ ያድን ነበር ብል አላጋነንኩም። ቦምቦቹ ሁሉ መውደቃቸውን፣ ነዳጅ እየፈሰሰ እንደሆነ፣ ከሥር ማን እየመጣ እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነው።

ታዲያ እንዴት ይገባል? እንዴትስ ይወጣል?

የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት።

አውሮፕላኑ ሲነሳና ሲያርፍ ኳሷ ውስጥ ሰው አይቀመጥም። ከተነሱ በኋላ ኳሷ ትዞርና መትረየሶቹ ቀጥታ ወደ መሬት ያያሉ። በዚህ ጊዜ ከኋላዋ ያለችው ትንሽ በር ወደ ላይ፣ ወደ አውሮፕላኑ ውስጥ ትመጣለች። ልጁ በዚያች ይወርዳል፣ ይታጠፋል፣ በሩ ይዘጋል። ከዚያ ኳሷን ወደ አግድም ያዞራታል። አሁን ያ በር የት ሄደ? ወደ ውጭ። ከጀርባው ያለው አንድ ስስ በር ነው፣ ከበሩ ማዶ ባዶ ሰማይ።

ሊፍት ውስጥ ተቀምጣችሁ ሁለት ፎቅ መሃል ቆሞባችሁ ያውቃል? የሊፍቱ በርና የፎቁ በር ካልገጠሙ መውጫ የለም። ኳሷም እንደዚያው ናት። መትረየሶቹ ወደ ታች ካላዩ በሩ ከአውሮፕላኑ ጋር አይገጥምም።

ኳሷን የሚያዞራት በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሃይድሮሊክ ነው። ኤሌክትሪኩ ከተቋረጠ በእጅ ማዞር ይቻላል፤ ላይ ያለ ጓደኛም በእጅ ማዞሪያ ሊያግዝ ይችላል። ችግሩ የሚመጣው ፍንጣሪ ማርሹን ሲያጣምመው ነው። ያኔ ኳሷ በቆመችበት ትቀራለች። ሌላው ችግር ጊዜ ነው። አውሮፕላን ተመትቶ ሲወድቅ ማንም ቆሞ አይጠብቅም። ላይ ያለው ጓደኛም ቆስሎ ሊሆን ይችላል። ወይም ሞቶ።

ፓራሹቱስ? አብዛኞቹ ኳሷ ውስጥ ፓራሹት ይዘው አይገቡም ነበር፤ ቦታ የለማ። በጣም ትንንሽ የሆኑ ጥቂቶች ይችሉ ነበር። የሌሎቹ ፓራሹት ላይ፣ አውሮፕላኑ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል።

እንግዲህ «ዝለሉ!» የሚለው ደወል ሲጮህ የዚህን ልጅ ሥራ ቁጠሩት። ኳሷን ማዞር። ቀበቶውን፣ ኦክስጅኑን፣ የሙቀት ሽቦውን መፍታት። በሩን መክፈት። በዚያ ሁሉ ልብስ ተጎትቶ መውጣት። በጭስ መሃል ፓራሹቱን ፈልጎ ደረቱ ላይ ማሰር። ከዚያ ወደ በሩ ሄዶ መዝለል። ይህን ሁሉ በዚያ ከፍታ ያለ ኦክስጅን ራስን ከመሳት በፊት ባሉ ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ መጨረስ አለበት። አውሮፕላኑ እየተሽከረከረ የሚወድቅ ከሆነ ደግሞ የሽክርክሪቱ ኃይል ሰውን ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል፤ እጅ ማንሳት እንኳን ያቅታል። የጎን ተኳሹ ይህ ሁሉ የለበትም። በሩ እዚያው አጠገቡ ነው።

ብርዱና አየሩስ?

ፊልም ላይ የማይታየው ትልቁ ጠላት ይኼ ነው።

ቢ-17 እንደ ዛሬ የመንገደኛ አውሮፕላን የታፈነና የሞቀ አልነበረም። ብዙ ጊዜ የሚበርሩት ከ7,600 ሜትር አካባቢ ነው። ራስ ዳሽን አናት ላይ ወጥታችሁ ሌላ ሦስት ሺህ ሜትር ወደ ላይ መጨመር ማለት ነው። ሙቀቱ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ይደርሳል፤ የሚብስበትም ቀን አለ። ጓንት አውልቆ ብረት የነካ ሰው ቆዳው ብረቱ ላይ ይቀራል።

በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ልብስ ተሰጥቷቸው ነበር። የመጀመሪያዎቹ ልብሶች ግን ልክ እንደ ድሮ የገና ዛፍ መብራት በአንድ መስመር የተቀጠሉ ነበሩ። አንዷ ስትበላሽ ሁሉም ይጠፋል። የእግር ማሞቂያው ሽቦ ከተቆረጠ የእጁም አብሮ ይሄዳል። ሌላው ሠራተኛ ቢያንስ ተነስቶ እግሩን ይመታል፣ እጁን ያፋትጋል። ኳሷ ውስጥ ያለው ልጅ የት ይንቀሳቀስ? ሽንት ራሱ ችግር ነበር። ልብስ ላይ ያመለጠ እርጥበት በረዶ ይሆናል፣ ሥጋ ይጎዳል። ከእንግሊዝ ይነሳ በነበረው በአሜሪካ ስምንተኛ አየር ኃይል፣ በመጀመሪያው ዓመት ገደማ በውርጭ ተመትተው ከበረራ የወጡት በጠላት መሣሪያ ቆስለው ከወጡት ይበልጡ ነበር። ጣቱን፣ ጆሮውን፣ እግሩን ያጣ ብዙ ነው።

ኦክስጅን ደግሞ ከብርዱ የባሰ ተንኮለኛ ነው። ብርድ ያሳምማል፤ ስለዚህ ያስጠነቅቃል። የኦክስጅን እጥረት ግን አያሳምምም። ሰውዬው ደስ ይለዋል፣ ይደነዝዛል፣ ከዚያ ይተኛል፣ ከዚያ ይሞታል። ጭንብሉ ውስጥ የሰው እስትንፋስ በረዶ ይሆንና መተላለፊያውን ይዘጋዋል። ለዚህ ነው በየጥቂት ደቂቃው በመነጋገሪያው ስም እየተጠራ «ደህና ነህ?» የሚባለው። «ጅራት?» «ደህና።» «ቦል?»... ዝም።

ሌሎቹ ዓይን ለዓይን ይተያያሉ፤ አንዱ ሲያዘነብል ሌላው ያየዋል። ኳሷ ውስጥ ያለውን ማንም አያየውም። ያ የጆሮ ማዳመጫ ነው ከሰው ጋር ያለው ብቸኛ ገመዱ። እኔ በግሌ ከጥይቱ ሁሉ በላይ ልቤን የሚነካኝ ይኼኛው ነው።

የሚመታው ግን ትንሽ ነው አልተባለም?

አዎ፣ ተብሏል። ቁጥሩም እውነት ነው። በ1944፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት፣ የስምንተኛው አየር ኃይል የሕክምና ሰዎች ማን ምን ቦታ ተቀምጦ እንደቆሰለና እንደሞተ አንድ በአንድ መዝግበዋል። አብዛኛው ጉዳት የመጣው ከመሬት ከሚተኮስ የፀረ-አውሮፕላን መድፍ ፍንጣሪ ነው። ጎን ላይ ቆመው የሚተኩሱት ብዙ ተጎድተዋል። ከፊት ተቀምጦ ቦምቡን የሚጥለው ሰውም እንዲሁ። የቦል ተሬቱ ድርሻ ከሁሉም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የተጣጠፈ ሰው ከቆመ ሰው ይልቅ ለፍንጣሪ ትንሽ ዒላማ ነው።

ግን እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መጠየቅ አለብን። የተቆጠሩት እነማን ናቸው? የተመለሱት አውሮፕላኖች ውስጥ የነበሩት ናቸው። ፈረንሳይና ጀርመን ሜዳ ላይ የቀሩትን ማንም ሐኪም አልመረመረም።

አብርሃም ዋልድ የሚባል የሒሳብ ሊቅ በዚያው ጦርነት ጊዜ ኒውዮርክ፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ይህንኑ ነገር አጥንቷል። ነጥቡ ቀላል ነው። ከጦርነት የተመለሱ አውሮፕላኖችን ቀዳዳ ብቻ ቆጥረህ «ብዙ የተመታው እዚህ ነው» ካልክ ተሳስተሃል። ያየኸው፣ ተመትቶም መመለስ የሚቻልበትን ቦታ ነው። ገዳዩን ቦታ የተመቱት አልመጡም።

ይህን ይዘን ወደ ኳሷ እንመለስ። አውሮፕላኑ እስከተመለሰ ድረስ ልጁ ከብዙ ጓደኞቹ የተሻለ ዕድል ነበረው። አውሮፕላኑ ካልተመለሰ ግን ያ ሁሉ የበር፣ የማዞሪያና የፓራሹት ጣጣ ይመጣል፤ ያ ደግሞ የሐኪሞቹ ሰንጠረዥ ላይ አይታይም። አለመመለስም ብርቅ አልነበረም። ጥቅምት 14 ቀን 1943 በፈረንጆች አቆጣጠር፣ 291 ቢ-17ዎች ሽዋይንፈርት የተባለችውን የጀርመን ከተማ ለመደብደብ ተነሱ። 60ው አልተመለሱም። እያንዳንዱ ውስጥ አሥር ሰው አለ። በአንድ ቀን።

ኳሷ ውስጥ ተደፍጥጠው የሞቱ አሉ የሚባለውስ?

ብዙ ሰው የሚጠይቀው ይህን ነው። የቢ-24 ኳስ ወደ ውስጥ ትሰበሰባለች። የቢ-17 ግን አትሰበሰብም፤ ሁልጊዜ ወጥታ እንደተንጠለጠለች ናት። አሁን ሁለት ነገር በአንድ ላይ ይበላሽ እንበል። ኳሷ ተቆልፋ ልጁ መውጣት አቅቶታል። ጎማዎቹም አልወርድ ብለዋል፣ አውሮፕላኑ በሆዱ ማረፍ አለበት።

ያኔ የጦር ሠራዊቱ ጋዜጣ ወጣት ዘጋቢ የነበረው፣ በኋላ በቴሌቪዥን የታወቀው አንዲ ሩኒ እንዲህ ዓይነት ማረፍ በዓይኑ እንዳየ ተናግሯል። ታሪኩ በዓለም የተሰራጨው በአብዛኛው በእሱ በኩል ነው። ሰምቶ የማይደነግጥ የለም።

ግን የየዕለት ነገር አልነበረም። እዚያ ደረጃ ለመድረስ ኳሷም ጎማውም መበላሸት አለባቸው፤ ሁለቱም ደግሞ በእጅ የሚዞሩበት መጠባበቂያ አላቸው። ልጁ ከወጣ በኋላ ኳሷን ራሷን ብሎኖቿን ፈትቶ ወደ ታች መጣልም ይቻል ነበር። በሆድ ማረፍ የግድ ሲሆን ይህን ማድረግ የተለመደ ነው፤ ካልጣሏት መሬት ስትመታ የአውሮፕላኑን ጀርባ ትሰብራለችና። ብሎኑን መፍታት ግን ቁልፍም ጊዜም ይፈልጋል፤ ነዳጅ ያለቀበት አውሮፕላን ደግሞ ጊዜ የለውም።

ከኳሷ የወጡ ሁለት ሰዎች

ሁለቱም ታሪኮች የሚገናኙት አንድ ከተማ ላይ ነው፤ ሳን ናዜር፣ የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች መጠለያ የነበረባት የፈረንሳይ ወደብ።

ጥር 3 ቀን 1943። አለን ማጊ የቢ-17 ቦል ተሬት ተኳሽ ነው። ኳሷ ስትመታበት ወጥቶ ወደ ላይ ወጣ። ፓራሹቱን ሲያይ ተበጣጥሷል። ወዲያው የአውሮፕላኑ ክንፍ ተገንጥሎ ሄደ፤ አውሮፕላኑ መሽከርከር ጀመረ። ማጊ ያለ ፓራሹት ከ6,000 ሜትር በላይ ወደቀ፤ በመሃል ራሱን ስቷል። ያረፈው የሳን ናዜር ባቡር ጣቢያ የመስታወት ጣሪያ ላይ ነው። መስታወቱን ሰብሮ ገባ። እግሩ ተሰብሮ፣ ክንዱ ሊቆረጥ ደርሶ፣ ገላው በፍንጣሪ ተበሳስቶ፣ ግን በሕይወት። ክንዱን ያተረፈለት የማረኩት ጀርመኖች ሐኪም ነው። እስከ ጦርነቱ ማብቂያ እስረኛ ሆኖ ቆየ። የሞተው በ2003 ነው፤ በ84 ዓመቱ።

ከአራት ወር በኋላ፣ ግንቦት 1፣ ሜይናርድ ስሚዝ የሚባል ሌላ የቦል ተሬት ተኳሽ ወደዚያው ሳን ናዜር ሄደ። የመጀመሪያ በረራው ነው። ሲመለሱ መንገድ ሳቱ፤ እንግሊዝ ደረስን ብለው ዝቅ ያሉት ጀርመኖች በያዙት የፈረንሳይ ጠረፍ ላይ ሆነ። አውሮፕላኑ ተመትቶ መሃሉ በእሳት ተያያዘ። ኳሷ ኃይል ስትጠፋባት ስሚዝ በእጁ አዙሮ ወጣ። ሦስት ጓደኞቹ ዘለሉ። እሱ ቀረ። ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ከእሳቱ ጋር ታገለ፤ በመሃል የቆሰለውን የጅራት ተኳሽ ያክማል፣ በመሃል ተነስቶ በጎን መትረየስ ይተኩሳል፣ እንዳይፈነዳ ጥይቱን በሳጥን በሳጥን ወደ ውጭ ይወረውራል። አውሮፕላኑ እንግሊዝ ደርሶ መሬት እንደነካ ለሁለት ተሰበረ። ስሚዝ የአሜሪካን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳሊያ ተሸለመ። የጦር ሚኒስትሩ ራሱ ሊያጠልቅለት በመጣበት ቀን ስሚዝ በቅጣት ወጥ ቤት እየሠራ ነበር የተገኘው።

ሁለቱም የተረፉት ኳሷ ከመቆለፏ በፊት መውጣት ስለቻሉ ነው። አውሮፕላኑ በሌላ በኩል ተዘንብሎ ቢመታ ኖሮ ስማቸውን አናውቀውም ነበር።

በኋላስ ኳሷ ምን ሆነች?

ከ1944 ጀምሮ ሩቅ የሚበርሩ አጃቢ ተዋጊዎች፣ በተለይ ፒ-51፣ ቦምብ ጣዮቹን እስከ በርሊን ድረስ ይሸኙ ጀመር። ከሥር የሚመጣ ጠላት ቀነሰ። አንዳንድ የቢ-24 ክፍሎች ክብደት ለመቀነስ ብለው ኳሷን አወጧት። አንዳንድ ቢ-17ዎች ላይ ደግሞ ኳሷ በነበረችበት ቦታ በደመና ውስጥ መሬትን የሚያሳይ ራዳር ተተከለ።

ቀጥሎ የመጣው ትልቁ ቦምብ ጣይ ቢ-29 ነበር። እሱም ከሆዱ ሥር መትረየስ አለው። ተኳሹ ግን አየሩ በተስተካከለለት፣ በሞቀ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ በመስኮት እያየ፣ ማነጣጠሪያውን ሲያዞር መትረየሱ ከርቀት ይታዘዝለታል። ውጭ ብርዱ ላይ የቀረው ብረቱ ብቻ ነው።